ሽማግሌ ወዳጆችን መቅረጽ፦ ጎንደር ላይ ለሚሠራ አጭር ፊልም

በፊልሞቻችን ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ከተቀመጡ ከሦስቱ አንዱ አይቀርም፦ አንዱ ይመክራል፣ አንዱ ይስላል፣ ወይም ሁለቱም የድሮውን ዘመን ሲያነሡ ከበስተኋላ ዋሽንት ይነፋል። የሳለው ሰውዬ መጨረሻ ላይ ይሞታል። የውጭዎቹም ብዙ አይሻሉም፤ እዚያ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ሳይሞቱ ያላዩትን ለማየት ሻንጣ ሸክፈው ይጠፋሉ። ቀሃ ኢየሱስ ቅጥር ጥግ ፀሐይ የሚሞቁት፣ ቅዳሜ ገበያ ደርሰው አብረው የሚመለሱት የአርባ ዓመት ወዳጆች ግን አይመካከሩም፣ አይሰነባበቱምም። ስለ እድር ውዝፍ ይከራከራሉ፤ የጤፍ ዋጋ ይጠያየቃሉ፤ አንዱ የሌላውን ጫማ ይተቻል።

ይህ መመሪያ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ የሚሆን ፊልም፣ በስልክ ወይም በትንሽ ካሜራ፣ በሦስት ሰው ቡድን፣ በሁለት የቀረጻ ቀን ለመሥራት ለሚያስቡ ነው። ለዝግጅት ሳምንት፣ ለእርማት ሁለት ሳምንት ያዙ።

ካሜራው ሳይወጣ

የድሮ ወዳጅነት የሚታየው በሰዓቱ ነው። ሁለቱ ሰዎች በየሳምንቱ አብረው የሚያደርጉትን አንድ ነገር፣ የሚያደርጉበትን ሰዓትና አንዱ የቀረ ዕለት ምን እንደሚሆን ካወቃችሁ ታሪኩ በእጃችሁ ነው። «እንዴት ተዋወቃችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሁለት መስመር ትሰማላችሁ፤ «ዛሬ ባይመጡ ምን ያደርጋሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ብዙውን ጊዜ «ልጅ እልካለሁ» ነው። ልጁ ተልኮ እስኪመለስ ያለው ሩብ ሰዓት፣ ማንም ሳይሞትበት፣ ለአንድ አጭር ፊልም የሚበቃ ጭንቀት አለው።

ከዚያ በምን እንደተሳሰሩ ለዩ፤ ማሰሪያው የሚያዝዘው ግዴታ ይለያያልና። አበልጅ ከሆኑ አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና አንሥቷል፤ ስለዚህ ቢጣሉም በልጁ ሠርግ መገናኘታቸው አይቀርም። የጽዋ ማኅበርተኛ ከሆኑ በወር አንድ ቀን ግድ ይተያያሉ፤ የደገሰውን፣ ጽዋውን ለቀጣዩ ወር የተረከበውንና የማኅበሩን ሙሴ (መሪውን) ማወቅ አለባችሁ፤ ሙሴውን ሳያስፈቅዱ ካሜራ ይዞ መግባት ነውር ነው። የእድር ጓደኝነት ደግሞ ሒሳብ አለበት፤ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ሆነው ሃያ ዓመት የተጨቃጨቁ ሰዎች ከማንም ይልቅ ይዋደዳሉ። አዲስ ዓለም ሰፈር ከሄዳችሁ ቀኑን የሚከፍለው የሶላት ሰዓት ነው፤ ዓርብን ለቀረጻ አትያዙ። የክርስቲያንና የሙስሊም ጎረቤት ሴቶች ወዳጅነት ላይ የምትሠሩ ከሆነ ቡናው አንድ መሆኑን፣ ሥጋው ግን ለየብቻ መሆኑን አትርሱ፤ ይህን የሚያውቅ ተመልካች አንድ ስሕተት ካየ ቀሪውን አያምናችሁም። ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩበት በነበረው በወለቃ አካባቢ ደግሞ ወዳጅነቱ በስልክ ብቻ የቀረ ሊሆን ይችላል። በ1991 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በሰሎሞን ዘመቻ፣ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓጉዘዋል፤ እዚህ የቀረ ጎረቤት ያንን ወዳጁን የሚያገኘው የልጅ ልጁ ስልክ ላይ ሲሆን ፊልሙ የሁለት ሰው ሳይሆን የአንድ ሰውና የአንድ ድምፅ ይሆናል።

ሦስት ቀን ተቀመጡ፤ በየቀኑ ቢያንስ ሁለት ሰዓት። አንዱ ተራ ቀን፣ አንዱ ቅዳሜ፣ አንዱ ማኅበራቸው የሚውልበት ቀን ይሁን (በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ እንደ ማኅበሩ)። በመጀመሪያው ቀን ካሜራ አታውጡ። በሁለተኛው ስታንዱ ላይ ስቀሉትና አትቅረጹ፤ ዓይናቸው እንዲለምደው ብቻ። በሦስተኛው ሞክሩ። ደብተራችሁን በሦስት ዓምድ ክፈሉ፦ ሰዓት፣ እጃቸው የሚሠራው፣ ቀድሞ የተናገረው። ሦስተኛው ዓምድ ከሁሉ ይጠቅማል፤ በእያንዳንዱ የድሮ ወዳጅነት ውስጥ አንድ ቀዳሚና አንድ መላሽ አለ፣ ስክሪፕት ጸሐፊ ግን ሁለቱንም እኩል ያስወራቸዋል።

ሴቶቹን አትርሱ። ፊልሞቻችን የሽማግሌ ወዳጅነት ሲሉ ወንዶቹን ነው፤ ባልቴቷ የምትገባው ለመመረቅና ለማልቀስ ነው። በሰፈሩ ውስጥ ግን በቀን ሦስት ጊዜ የሚገናኙት እነሱ ናቸው። አቦሉ በአንዷ ቤት፣ ቶናው በሌላዋ የሚጠጣበት ሰፈር አለ።

ፈቃድና ክፍያ

ለሁለቱም ለየብቻ አስረዱ። ወረቀት ካለ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፣ እሺታቸውንም በድምፅ ያዙ። ልጆቻቸውን አሳውቁ፤ ልጅ በእነሱ ፈንታ ይወስንላቸው ግን አትበሉ። «ምን እንዳይቀረጽ ይፈልጋሉ?» የሚለውን ጥያቄ አትዝለሉት፤ አብዛኛው ጊዜ የሚከለከለው የጡረታ ብር መጠን፣ አንድ በሽታና ከአንድ ልጅ ጋር ያለ ቅሬታ ነው።

ክፍያው ለሁለቱ እኩል ይሁን፤ መጠኑንም ሁለቱ ባሉበት፣ በአንድ አፍ ተናገሩ። አንዱ «ዋና ተዋናይ» ስለሆነ ጨምራችሁ ብትሰጡት ፊልሙ ሳያልቅ ወዳጅነቱን ታበላሻላችሁ። በየቀኑ መጨረሻ በእጃቸው ስጡ፤ የባጃጁን ለብቻ።

የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ለመቅረጽ የደብሩን አስተዳዳሪ ጠይቁ፤ ቅዳሴ ላይ ጨርሶ አትቅረጹ። ስለ ፋሲል ግቢም አንድ ነገር፦ ፈቃድ ማስፈለጉ እንዳለ ሆኖ፣ ቤተ መንግሥቱን ከሽማግሌዎቹ ጀርባ እንደ ፖስትካርድ አታቁሙት። የከተማው ሰው በየቀኑ ቀና ሳይል ያልፈዋል። መግባቱ ካልቀረ ጥላ ሆኖ ይግባ፤ ጠዋት በአንዱ ወገን፣ ከሰዓት በሌላው ወገን ጥላ የሚጥል ግንብ፣ ሰዎቹም ጥላውን እየተከተሉ የሚቀመጡበት።

ንግግሩ

እዚህ ላይ ነው ብዙው ፊልም የሚወድቀው። መጀመሪያ አጠራሩ። እኩዮች ምንም ያህል ቢያረጁ «አንተ» እና «አንቺ» ነው የሚባባሉት፤ ሁለት ሽማግሌ ወዳጆችን «እርስዎ» ማስባል ፊልሙን የቢሮ ስብሰባ ያስመስለዋል። ለታላቅ የሚነገረው ደግሞ በጎንደር አፍ ብዙ ጊዜ «አንቱ» ነው። ሌላ ሰው ሲገባ ግን ይቀየራል፦ የልጅ ልጅ ወይም ቄስ ፊት ወዳጁ ስለ ወዳጁ «እሳቸው» ይላል፣ እንግዳው ሲወጣ ወደ «አንተ» ይመለሳል። ይህ መውጣትና መውረድ ነፃ የተሰጣችሁ ድራማ ነው። ከሁሉ የሚያምረው ከሁለት ወዳጃሞች አንዷ የመነኮሰች እንደሆነ ነው። ቆብ ስለደፋች «እማሆይ» እና «አንቱ» ልትባል ይገባታል፤ ሳቅ ሲመጣ ግን የጥንቱ «አንቺ» ያመልጣል፣ ወዲያው «ይፍቱኝ» ይከተላል። ይህን ስክሪፕት ላይ አትጻፉት፤ ሲመጣ ያዙት።

አነጋገሩ የሰፈሩ ይሁን። «እሺ» ሳይሆን «እሽ»፣ «አደርክ» ሳይሆን «አደርህ»። ከሌላ ከተማ የመጣ ተዋናይ ካላችሁ ማስመሰል ከሚያበዛ እነዚህን ሁለት ሦስት ድምፆች ብቻ ያስተካክል።

ምሳሌያዊ አነጋገር ቀንሱ። በፊልም ሽማግሌ አፉን በከፈተ ቁጥር ተረት ይወጣል። በእውነቱ ተረት የሚመጣው ክርክር ለመዝጋት ነው፤ ሲመጣም ግማሹ ብቻ ይነገራል። «ሲሮጡ የታጠቁት…» ይላል አንዱ፤ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል፤ ቀሪውን ማንም አይጨርሰውም፣ ሁለቱም ያውቁታልና። ሙሉውን ካስነገራችሁ ለተመልካች እንጂ ለወዳጁ እንዳልተነገረ ይታወቃል።

ትዝታም እንዲሁ ነው። «አየህ ወዳጄ፣ ሃምሳ ዓመት ክፉውንም ደጉንም አብረን አሳልፈናል» የሚል ሰው የለም፤ የሚያውቀውን ለሚያውቅ አይነግርም። «ያንን ዣንጥላ እስካሁን አልመለስህልኝም» ግን ይላል። ያለፈው ዘመን በዕቃ በኩል ይግባ። የሰላምታ ናሙና፦

— እንደምን አደርህ?
— እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?
— ደህና። ልጆች?
— ደህና ናቸው። ትናንት የት ጠፋህ?
— ጉልበቴ።
— እኔማ ጉልበት ያለህ መስሎኝ ነበር።

ሰላምታውን አትቁረጡት። መሳሳሙና መጠያየቁ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ ኤዲተር ደግሞ መጀመሪያ የሚጥለው እሱን ነው። በፊልሙ ውስጥ አንድ ጊዜ ሙሉ ሰላምታ ካሳያችሁ በኋላ ማሳጠር ትችላላችሁ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ሰላምታ ሲያጥር ተመልካቹ ራሱ «ተኳርፈዋል» ይላል።

ገንዘብ ይግባ። በፊልም ሽማግሌ ወይ ሀብታም አባት ነው ወይ ለማኝ፤ ስለ ብር ግን አይናገርም። በመንግሥት ሥራ የነበረው በ60 ዓመቱ ጡረታ ወጥቷል፤ ወር ሲገባ ጡረታ ለመቀበል አብረው ይሄዳሉ፤ ሰልፉ ራሱ መገናኛ ነው። በእርሻ ወይም በንግድ የኖረው ጡረታ ስለሌለው ያችን ቀን ቡና ይጋበዛል፤ በሚቀጥለው ቀን በሌላ ነገር ይመልሳል። ማን እንደከፈለ ሳይነገር የሚታወቅበት ትዕይንት ከአሥር ምክር ይበልጣል።

አካሉ

እውነተኛ ሽማግሌዎችን መቅረጽ ይመረጣል። ጣሊያናዊው ዳይሬክተር ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1952 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር «ኡምቤርቶ ዲ» ላይ ጡረተኛውን ያሠራው ተዋናይ ያልነበረውን የቋንቋ ፕሮፌሰር ካርሎ ባቲስቲን ነው። ወጣት ተዋናይ ማርጀት ካለበት ግን የሚሠራው ፀጉሩ አይደለም። በ1953 በወጣው የጃፓናዊው ዳይሬክተር የኦዙ «ቶክዮ ስቶሪ» ሰባ ዓመት ገደማ የሆኑትን አባት የተጫወተው ቺሹ ርዩ 49 ዓመቱ ነበር፤ ያስረጀው አቀማመጡና የእንቅስቃሴው ፍጥነት ነው። ፀጉር ላይ ዱቄት አትነስንሱ፤ በፀሐይ ይታወቃል፣ በላብ ሊጥ ይሆናል። ከዚያ ይልቅ ተዋናዩ እነዚህን ይለማመድ፦ ከመቀመጡ በፊት ወንበሩን በእጁ መፈለግ፤ ለመነሣት ጉልበቱን ተደግፎ አንድ ጊዜ ሞክሮ በሁለተኛው መነሣት፤ ሲዞር አንገቱን ብቻ ሳይሆን መላ አካሉን ማዞር። የእጅ መንቀጥቀጥና ሳል የእርጅና ምልክት አይደሉም፣ የበሽታ ናቸው፤ ታሪኩ ካልፈለጋቸው ተዉአቸው።

ዓይንና ጆሮ በፊልም ውስጥ ለቀልድ ይውላሉ፤ በትክክል ካወቃችኋቸው ግን ሌላ ነገር ይሰጣሉ። የእርጅና የመስማት ችግር መጀመሪያ የሚወስደው ቀጭኑን ድምፅ ነው። ስለዚህ ሰውዬው ድምፁን ይሰማል፣ ቃሉን ግን አይለይም፤ እንደ ሰ፣ ሸ፣ ፈ ያሉት ይጠፉበታል፤ የወንድ ወፍራም ድምፅ ሲገባው የልጅ ልጁ አይገባውም። ሲጮኹበት ደግሞ ይቆጣል፤ ጩኸት ድምፁን ከፍ እንጂ ቃሉን ጥርት አያደርግለትምና። በፊልም ደንቆሮው አያት «ሃ?» እያለ ይጮሃል። በእውነት ግን ሰዎች ሲስቁ ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ ይስቃል፣ የተናጋሪውን አፍ ያያል፣ ሲከብደው ዝም ይላል። ወዳጅ የሚታወቀውም እዚህ ነው፤ ሳይጠየቅ በደህናው ጆሮ በኩል ይቀመጣል። ይህችን አቀማመጥ በመጀመሪያው ትዕይንት አሳዩና በኋላ እንግዳ ሰው በተሳሳተው ወገን አስቀምጡ።

ዓይን ከፀሐይ ወደ ጨለማ ቤት ሲገባ በእርጅና ቀስ ብሎ ነው የሚለምደው። ሰውዬው ደፍ ላይ መቃኑን ይዞ ጥቂት ይቆማል። ዳይሬክተር «ቶሎ ይግቡ» ሲል ሾቱን ገደለው፤ ከውስጥ ሆናችሁ ያንን መቆም ቅረጹ።

ልብስን በሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያ ይበቃል፦ የነጠላው ጥለት ያለበት ቦታ ቋንቋ ነው። ለቤተ ክርስቲያን መስቀልኛ ይጣፋል፤ ለልቅሶ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ ትከሻ ይወጣል። በሁለት ሾት መካከል ቦታው ከተለወጠ ተመልካች «ማን ሞተባቸው?» ብሎ ይጠይቃል። ከእያንዳንዱ ሾት በኋላ በስልክ ፎቶ አንሡ።

የቀረጻው ቀን

ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓትና ከ10 እስከ 12 ሰዓት ባለው ብርሃን ውጪ ቅረጹ። ከተማው ከምድር ወገብ ብዙ ስላልራቀ የቀትር ፀሐይ ከአናት ይወርዳል፣ ያረጀ ፊት ላይ ዓይኑን ጉድጓድ ያደርገዋል። እኩለ ቀንን ለቤት ውስጥ ተዉት። ከሰኔ እስከ ጳጉሜን የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሰዓት በኋላ ንግግር አታቅዱ፤ ዝናቡ ሲጀምር ማይኩ ሌላ ነገር አይሰማም።

በቀን ከአራት ሰዓት በላይ አትሥሩ፤ በየ45 ደቂቃው ዕረፍት ስጡ፣ መጸዳጃው የት እንደሆነም አስቀድማችሁ እዩ። የሚወሰድ መድኃኒት ካለ ሰዓቱን ጠይቁ። ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ፣ እስከ 9 ሰዓት ወይም ከዚያም በላይ እህል የማይቀምሱ ብዙ ናቸው፤ ከምሳ በኋላ ጉልበት ይኖራቸዋል ብላችሁ ያቀዳችሁት ይፈርሳል።

የነጠላ ነጭና የፊት ጥቁረት አንድ ላይ ሲገቡ ስልኩ ነጠላውን አይቶ ፊቱን ያጨልማል። ስክሪኑ ላይ ፊቱ የሚታይበትን ቦታ በጣታችሁ ተጭናችሁ በመያዝ ብርሃኑን ቆልፉ፤ ከዚያ የነጠላው ድር እስኪታይ ድረስ ትንሽ ዝቅ አድርጉ። በመስኮት በኩል አስቀምጧቸው፣ በሌላው ጎን ከአንድ ሜትር ርቀት ነጭ ሰሌዳ አቁሙ። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ ሻተር (የመዝጊያ ፍጥነት) 1/50 ላይ አድርጉ፤ በ30 ከተዋችሁት አንዳንድ አምፖል ሥር ምስሉ ይርገበገባል።

የልብስ ማይክ ከአፍ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይሰካል። ችግሩ እዚያው ቦታ ላይ ማተብና መስቀል መኖሩ ነው፤ በተነቃነቁ ቁጥር «ቋ» ይላል። ማተብ አውልቁ አይባልም። ማይኩን ወደ ወዳጁ በሚዞሩበት ትከሻ በኩል አዘንብሉት፣ ነጠላው እንዳያሻሸው ከኮሌታው ውስጥ በፕላስተር አጣብቁት። በየቦታው አንድ ደቂቃ ዝምታ ቅረጹ፤ ባጃጅ ያለፈበትን ንግግር ስትቆርጡ የምትሞሉት በሱ ነው።

ለሰዎቹ ቃል አትስጡ፣ ሥራ ስጡ። ምስር መልቀም፣ ጥጥ መፍተል፣ ቡና መቁላት፣ በቆርኪ ዳማ መጫወት። እጅ ሲይዝ አፍ ይፈታል። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃዎች እንደማትጠቀሙባቸው ቁጠሩና ካሜራውን ይዛችሁ ጠብቁ። ትልቁ ስሕተት «እንደገና ይበሉት» ማለት ነው፤ ሁለተኛው ጊዜ ያጥራል፣ ይደርቃል፣ ወይም «ነግሬህ የለም እንዴ?» ይመጣል። ሁለት ካሜራ ካላችሁ አንዱን በሁለቱ ላይ ሰፋ አድርጋችሁ፣ ሌላውን አሁን በማይናገረው ፊት ላይ አድርጉ። አንድ ካሜራ ብቻ ከሆነ ወሬውን ያልሰማ ሦስተኛ ሰው አስገቡ፤ ለሱ ሲተርኩለት በአዲስ ጉልበት ይደግሙታል፣ ወዳጁም መሐል ገብቶ ያርማል። እርማቱ ከወሬው ይሻላል።

ኤዲቲንግና የመጀመሪያ ተመልካቾች

ከንግግር ሥር ሙዚቃ አታስገቡ፤ ማሲንቆውም ቢሆን። ለስሜት ብላችሁ የምትጨምሩት ድምፅ ያረጀ ጆሮ ንግግሩን እንዳይለይ ያደርገዋል፣ ፊልሙንም ስለ እነሱ እንጂ ለእነሱ ያልተሠራ ያደርገዋል። በጥያቄና በመልስ መካከል ያለውን ዝምታ ቢያንስ ግማሹን ተዉት። አንዳቸውም ሳይሞቱ ጨርሱ፤ ቀጠሮ ይዘው ቢለያዩ ይበቃል።

ለውድድርም ሆነ ለአዳራሽ ከመስጠታችሁ በፊት ቤታቸው አሳዩ። በቴሌቪዥን ከሆነ ከሁለት ሜትር ባልበለጠ ርቀት አስቀምጧቸው፣ መጋረጃ ዝጉ፣ ድምፅ ማጉያውን ከፊታቸው አድርጉ፤ ጽሑፍ ካለ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። «ወደዳችሁት?» ብትሉ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ነው መልሱ። «ምን ተሳሳትን?» በሉ። የሚነግሯችሁ ስለ ሲኒ ብዛት፣ ማን መጀመሪያ መቀዳት እንደነበረበት፣ ያለቦታው ስለተቀመጠ ሰው ነው፤ ሁሉንም ጻፉ፣ መስተካከል የሚችለውን አስተካክሉ።

የዓለም አረጋውያን ቀንን ጠብቆ ማሳየት የሚፈልጉ አሉ። ቀኑ በአውሮፓውያን ኦክቶበር 1 ነው፤ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 21 ይውላል። መስከረም 21 ደግሞ ግሸን ማርያም ናት፤ ባለ ታሪኮቹ ማኅበር ላይ ይሆናሉና አዳራሹን ለማግስቱ ያዙ። ከሁለቱ አንዱ አንድ ዐረፍተ ነገር ይውጣ ካለ አውጡት፣ ያልተቆረጠውንም ፋይል አብራችሁ አጥፉ። ሁለት ፍላሽ ዲስክ ላይ ቅጂ አድርጉ፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ፣ በአንድ ቀን።